በሩ ላይ ያቆምኩት መጽሐፍ

የዚያን ደራሲ አራት ልብ ወለዶች ስንት ጊዜ እንዳወዳደርኩ እኔም አላውቀውም። ሻይ ቤት ተቀምጬ አወዳድሬያለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ወደ ከዚራ በባጃጅ ስሄድ ከማላውቀው ተሳፋሪ ጋር ተከራክሬባቸዋለሁ። ሙቀቱ እንቅልፍ በሚነሳበት ከሰዓት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ለብቻዬ ደረጃ አውጥቼላቸዋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ሲያስተምር የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚያርመው ደብተር ያጣል፤ እጁ ግን ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጋል። እኔም ተማሪ ባጣ ደራሲውን ማረም ጀመርኩ። እዚህ የምጽፈው ግን ስለ ደራሲው ጥፋት ሳይሆን ስለ ራሴ ነው። አራተኛውን መጽሐፍ ዓይኑን ላጣ ጎረቤቴ ሳነብለት የመጨረሻዎቹን አርባ ገጾች ዘለልኩበት።

የደራሲውን ስም አልጽፈውም፤ የሚጽፍበትም ስም የራሱ አይደለም ይባላል። መጽሐፎቹ ጀርባ ላይ ፎቶ የለም፣ ቃለ መጠይቅ አይሰጥም፣ ምረቃ አያዘጋጅም። አንድ መጽሐፍ ያወጣና ይጠፋል። የሚታተመው ጥቂት ስለሆነ እኛ ድሬዳዋ ያለን ሰዎች የመጀመሪያውን ያነበብነው በፎቶ ኮፒ ነው፤ ያውም አሥራ ሰባተኛው ገጽ የጎደለ። ገጹ ምን እንደሚል ለሁለት ዓመት ስንገምት ኖረን፣ ኋላ ሙሉው ሲገኝ ግምታችን ይሻል ነበር ያልነው እኛው ነን። በቃ እንደዚህ ነበርን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚራ ዛፍ ሥር ሻሂ ይዘን የምንሰበሰብ አምስት ስድስት ሰዎች፣ እርስ በርሳችን ከምንዋደደው በላይ አንድ ፊቱን አይተነው የማናውቀውን ሰው የምንወድ።

የወደድነው ስለማይራራ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ሰውየው ለአንድ ደረቅ ቀበሌ ውኃ አወጣለሁ ብሎ ቃል ይገባል፤ ሰዉ ሲያሾፍበት፣ ሚስቱ ስትተወው እየቆፈረ ይከርማል፤ በመጨረሻ እግሩ ሥር እርጥበት ሲሰማው ይወጣና ማንም ሳያይ ጉድጓዱን መልሶ ይደፍነዋል። ሁለተኛው አንድ ቤት የወረሱ እህትማማቾች ታሪክ ነው፤ ሳሎኑን በጠመኔ መስመር ለሁለት ከፍለው ይኖራሉ፣ ወለሉ በታጠበ ቁጥር መስመሩ ይጠፋል፣ እነሱም እንደገና ያሰምሩታል። ሦስተኛው ጎብኚ የማይመጣበት ሙዚየም ዘበኛ ነው፤ በስተመጨረሻ ቁልፉን ከውስጥ ይቆልፋል። ሦስቱም ሲያልቁ አንድ ነገር ይዘጋል። እኛም መጽሐፉን ስንዘጋ ደስ የሚል ቁጣ ይዘን እንቀራለን። የእኔ ደረጃ የታወቀ ነበር፦ ጉድጓዱ አንደኛ፣ ሙዚየሙ ሁለተኛ፣ እህትማማቾቹ ሦስተኛ።

አራተኛው ሲመጣ ግን ከዚራ ላይ ለቅሶ የተቀመጥን መሰልን። ታሪኩ የአንድ ልብስ ሰፊና የልጁ ነው። ልጁ በእህቱ ሠርግ ቀን ከአባቱ ጋር ክፉ ቃል ተለዋውጦ ከቤት ይወጣል። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ በሩን ያንኳኳል። አባት የልጁን አንኳኳት ያውቀዋል፤ ግን የስፌት መኪናውን እየረገጠ ይቀጥላል። ልጁ ያንኳኳል፣ መኪናው አይቆምም። ምዕራፉ እዚያ ላይ ያበቃል። ግሩም ድንቅ! መጽሐፉ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ ከአራቱ አንደኛ ነው ባልኩ። ደራሲው ግን አርባ ገጽ ጨመረበት። አባት ሱቁን ዘግቶ፣ በግምት የሰፋውን ኮት በፌስታል ይዞ፣ ልጁን ፍለጋ በአውቶብስ ይሄዳል። ያገኘዋልም። ኮቱ ለልጁ ትልቅ ሆኖ ይሰፋዋል። ይሳሳቃሉ። አባት ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ልጁን እንደገና ይለካዋል።

ተናደድን። «ሰውየው አረጀ» አለች ከመካከላችን የባንክ ሠራተኛዋ። እኔ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ረዘም ያለ ትችት ጻፍኩ፤ ደራሲው አንባቢውን እንደ ሕፃን እሹሩሩ እንዳለው፣ ይቅርታ በልብ ወለድ ውስጥ ርካሽ እንደሆነ፣ መጽሐፉ በሩ ላይ ማለቅ እንደነበረበት። ጽሑፌን የአዲስ አበባም የሌላም ከተማ ሰው ተቀባበለው። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ለአዲስ አንባቢ የሚያውስ ሁሉ «በሩ ላይ አቁም» ማለት ጀመረ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ቆርጦ አውጥቶ መጽሐፉን እንደገና ያስጠረዘም ነበር። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ። ስንት ዓመት አስተምሬ አንድም ተማሪ ምክሬን እንደዚያ ሰምቶኝ አያውቅም።

ጎረቤቴ ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ የባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ ላይ ብረት ሲያስተካክል ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር። እኔ ከሰሜን መጥቼ እዚህ ከተማ ስመደብ በመጀመሪያው ሳምንት ነው ከእሱ ጋር የተጣላሁት። በሰፈሩ ሁሉ ፊት «አንተ» አለኝ። እኔ ባደግኩበት አገር አስተማሪን እንደዚያ የሚል የለም። ድሬዳዋ ትንሹም ትልቁም አንተ መሆኑን፣ ንቀት ሳይሆን ቅርበት መሆኑን እስክረዳ ድረስ ሰላም አልልም ነበር። ኋላ ግን ከእሱ የቀረበ ወዳጅ አልነበረኝም። እኔ በአማርኛ፣ እሱ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ሲናደድ ደግሞ በሶማሊኛ እያወራን አረጀን። ጡረታ ከወጣ በኋላ ግላኮማ ዓይኑን ቀስ በቀስ ወሰደው። መጀመሪያ ፊት ለየ፣ ከዚያ ጥላ ለየ፣ በመጨረሻ ፀሐይ ከየት በኩል እንደሆነች ብቻ ቀረችው።

ማንበብ የጀመርኩለት በጠብ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በረንዳዬ ላይ ሆኜ ስለ ጉድጓዱ መጽሐፍ ከአንዱ የቅዳሜ ጓደኛዬ ጋር በስልክ ስጮህ ሰማኝ። ስልኩን ስዘጋ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ተጣራ።

«አቦ ቲቸር፣ ማነው ይሄ ሰውዬ እንዲህ የሚያናድድህ?»

«ደራሲ ነው። የተጣላሁት ግን ስለ እሱ ከሚያወራው ሰው ጋር ነው።»

«ደራሲው ምን አደረገ?»

«መጽሐፍ ጻፈ።»

«የራሱን?»

«የራሱን።»

«ታዲያ አንተን ምን ጥልቅ አደረገህ?» ብሎ ሳቀና፣ «ና አንብብልኝ፤ እኔም ልናደድ» አለኝ።

እንዲህ ሆኖ ጀመርን። በየቀኑ ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው በተኛበት ሰዓት፣ የእሱ በረንዳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን። እሱ ጫቱን ይቀነጥሳል፣ እኔ አነባለሁ። አብራው የምትኖረው ሴት ልጁ ቀን ኢንዱስትሪ ፓርክ ስለምትውል ቤቱ የእኛ ብቻ ነበር። ልማድ ነበረው፦ ሳነብ ቆይቼ ውኃ ልጠጣ ሳቆም እጁን ይዘረጋና መጽሐፉን ይቀበለኛል። የደረስንበት ላይ ጣቴን አስገብቼ እሰጠዋለሁ። የቀረውን ወረቀት በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥጦ ይለካዋል። ዕድሜ ልኩን የብረት ውፍረት በእጁ ሲለካ የኖረ ሰው ነው። «ሦስት ቀን ቀረን» ይላል። ወይም «ነገ እንጨርሳለን፤ ጉድጓዱ ውስጥ ግን እስካሁን ውኃ የለም።» አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አያውቅም።

የጉድጓዱ መጽሐፍ ያለቀ ቀን እኔ ጭብጨባ ስጠብቅ፣ «ይሄ ሰው ተጣልቷል» አለ።

«ማን? ጉድጓድ ቆፋሪው?»

«አይደለም፣ የጻፈው። ቤቱ ውስጥ የተጣላው ሰው አለ። ሲታረቅ የተሻለ ይጽፋል።»

ሳቅኩበት። ደራሲና ገጸ ባሕርይ ለየብቻ መሆናቸውን ለአሥረኛ ክፍል እንደማስረዳ አስረዳሁት። ሰምቶ ጨረሰና፣ «ብረትም የሠራውን ሰው እጅ ይናገራል፣ አንተ ግን ቲቸር ነህ» አለ። ሙገሳ ይሁን ስድብ አላወቅኩም፤ እንደ ሙገሳ ወሰድኩት።

ሁለተኛውን ወደደው። እኔ ሦስተኛ ያደረግኩትን እሱ አንደኛ አደረገው። አንደኛዋ እህት ሽንኩርት ስታቁላላ ሽታው የጠመኔውን መስመር የሚሻገርበት ገጽ አለ፤ ሌላዋ በማታናግራት እህቷ ወጥ ምራቋን ትውጣለች። ያንን ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። «ወላሂ ይሄ ይበልጣል» አለኝ። እንደማይበልጥ፣ መጽሐፉ መሐሉ ላይ እንደሚላላ፣ ሁለተኛዋ እህት በደንብ እንዳልተሳለች ነገርኩት። «አንተ ሽንኩርቱ አልሸተተህም?» አለኝ። ሁለት ቀን ተኳረፍን። በሦስተኛው ቀን ሙዚየሙን ይዤ ሄድኩ። እዚያ ላይ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። እኔ ከሁሉ የረቀቀ የምለው ምዕራፍ ላይ አንኮራፋ። ስቀሰቅሰው፣ «ዋሪያ አንተ፣ አሁንም ሙዚየም ውስጥ ነን?» አለኝ።

አራተኛውን ላነብለት አልፈለግኩም ነበር። ይህን የምለው ለይቅርታ አይደለም፤ እንደዚያ ስለነበረ ነው። እሱ ግን «ሰውየው አራት ነው የጻፈው ብለሃል፤ አንዱን ለምን ታስቀራለህ?» ብሎ ያዘኝ።

እዚህ ላይ ስለ ወንዱ ልጁ መናገር አለብኝ። ጅቡቲ ነው የሚኖረው፣ የከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። እናቱ ስትታመም ዛሬ ነገ ሲል ሳይመጣ ቆየ። ያረፈች ቀን፣ እንደ ሙስሊሙ ወግ በዚያው ቀን ተቀበረች። እሱ የደረሰው በማግስቱ ነው። «ለምን አልጠበቃችሁኝም?» ብሎ በለቀስተኛ መሐል ጮኸ። አባትዬው፣ «ሙት አይጠብቅም፤ መምጣት የነበረብህ በሕይወት እያለች ነው» አለው። ልጁ መለሰ፣ አባት መለሰ። ከዚያ ጎረቤቴ በገዛ እጁ የበየደውን ሰማያዊ የብረት በር ልጁ ላይ ዘጋው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። የበሩን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስምንት ዓመት ሆነው።

ስለዚህ አላውቅም ነበር ልል አልችልም። የልብስ ሰፊውን ታሪክ ሳነብለት ማን እያዳመጠኝ እንደሆነ ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ጎረቤቴ የሠርጉን ምዕራፍ ስናልፍ ጫቱን መቀንጠስ ተወ። አንድም ነገር አልተቸም፣ አልቀለደም። ልጁ በሩን ሲያንኳኳ አንገቱን ወደ ራሱ በር አዞረ። እኔም የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር፣ መኪናው አልቆመም የሚለውን፣ ክፍል ውስጥ ግጥም እንደማነብ አሳምሬ አነበብኩና መጽሐፉን ዘጋሁት።

«አለቀ» አልኩት።

ለምን እንዲህ አደረግኩ? ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነበረኝ፦ ያ የኮት ነገር ስብከት ይሆንበታል፣ ቁስሉን ይነካዋል፣ ልቆጥበው ብዬ ነው። ውሸት ነው። መጽሐፉ እኔ እንደምፈልገው እንዲያልቅ ፈልጌ ነው። ለቅዳሜ ጓደኞቼ የጻፍኩትን ትክክል ነው የሚል አንድ ሰው፣ ያውም በጣቱ የሚለካ ሰው፣ ፈልጌ ነው።

እጁን ዘረጋ። ጣቴን ገጾቹ መሐል ማስገባት ልማድ ሆኖብኝ እንዳስገባሁ ሰጠሁት። የቀረውን ወረቀት ቆነጠጠው። እንደገና ቆነጠጠው።

«ይሄስ ምንድነው?»

«ማስታወቂያ ነው» አልኩት። «የሌሎች መጽሐፎች ማስታወቂያ።»

«ይሄ ሁሉ?»

«የዘንድሮ አሳታሚ እንደዚህ ነው።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ እንደሚባለው ነው፤ አንዴ ከገባሁበት ወዲያ መውጫ አልፈለግኩም። «ሰውየው አልከፈተም ማለት ነው?» አለኝ።

«አልከፈተም።»

«ልጁስ?»

«ሄደ።»

«የት?»

«አልተጻፈም።»

አውራ ጣቱን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። «እሺ» አለ። «የጻፈው ሰው እንዲህ ካለ ያውቃል።» መጽሐፉን መለሰልኝና ሻሂው እንደቀዘቀዘ ነገረኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ። ማታ ለግሩፑ «ዓይነ ስውር ጎረቤቴ እንኳ በሩ ላይ ሲያልቅ ተቀበለው» ብዬ ጻፍኩላቸው።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ራሱ ጠየቀኝ። «ቲቸር፣ ያ የልብስ ሰፊው ነገር ተከታይ የለውም?»

ያን ጊዜ ልነግረው እችል ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ፣ አለው ማለት። መዋሸቴን ማመን ስለሚያሳፍረኝ «የለውም» አልኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ግን ወለምታም አልነበረም፣ አስቤ የተናገርኩት ነው።

ከዚያ ሙቀቱ ሲበረታ ታመመ። ልቡ ነው አሉ። አልጋ ላይ ሆኖም ማንበቡ አልቀረም፤ የእህትማማቾቹን መጽሐፍ እንደገና አንብብልኝ አለኝ። አነበብኩለት። በዚህኛው ዙር ሁለተኛዋ እህት በደንብ መሳሏን ልብ አልኩ፤ መጀመሪያ ያላየሁት እኔ ነበርኩ። ግን አልነገርኩትም። ኩራት ነው እንጂ ምን ይባላል። ሽንኩርቱ ገጽ ላይ ስንደርስ ዓይኑን ጨፍኖ በአፍንጫው አየር ሳበ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጠዋት ሴት ልጁ ስትጮህ በግድግዳው ሰማሁ።

በዚያው ቀን ከዐሥር ሰዓት በፊት ተቀበረ። ወንዱ ልጅ የደረሰው በማግስቱ ነው። እንደ እናቱ ጊዜ አልጮኸም። ሰማያዊው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ለለቀስተኛ ስለሚከፈት። ግን ቶሎ አልገባም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቆየ። ገብቶም ሰው መሐል ተቀመጠ።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ከሰዓት፣ እኔና አባቱ በምናነብበት ሰዓት፣ በረንዳዬ ላይ መጣ። ከስምንት ዓመት በፊት የማውቀው ወፍራም ጎልማሳ ከስቷል፣ ጢሙ ውስጥ ሽበት ገብቷል።

«አንተ ነህ አይደል የምታነብለት?» አለኝ። እሱም እንደ አባቱ አንተ ነው የሚለው፤ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩት። ሻሂ አቀረብኩለት፣ አልነካውም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባዬ አንድ ጊዜ ደውሎልኝ ነበር።»

አላውቅም ነበር። ጎረቤቴ ሁሉን የሚነግረኝ ይመስለኝ ነበር።

«በስምንት ዓመት አንዴ ነው የደወለው። አርብ ቀን ነው፣ እህቴ ነች ቁጥሩን የመታችለት። ሰላም አለኝ፣ ስለ ሙቀቱ ጠየቀኝ። ስለ እማ አላነሳም፣ መቼ ትመጣለህም አላለኝም። አንድ ወሬ ልንገርህ አለኝ። ስለ አንድ ልብስ ሰፊ።»

ምን እንደሚከተል ከዚያ ወዲያ አወቅኩት። ልጁ ግን ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው።

«ረጅም ወሬ ነው። እየተረጋጋ፣ አንድ ነገር ሳያስቀር ነገረኝ። ልጁ ተመልሶ ሲመጣ፣ በሩን ሲያንኳኳ፣ አባቱ ሲሰማ። እዚያ ደርሶ ዝም አለ። ‹ከዚያስ አባ?› አልኩት። ‹አለቀ› አለኝ። ‹አልከፈተለትም?› አልኩት። ‹መጽሐፉ አልከፈተም ነው የሚለው› አለኝ። እኔ ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ብዙ ቆየን እንደዚያ። ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። ‹ገባኝ አባ› ብዬ ዘጋሁት።»

«ምን ነበር የገባህ?»

«አትምጣ ማለቱ ነዋ። በሩ አይከፈትም ማለቱ። ነገር በምሳሌ ነው የሚያወራው እሱ፣ ታውቀዋለህ። መምጣት ፈልጌ ነበር፤ ለአረፋ ልመጣ አስቤ ነበር። ከዚያ በኋላ ተውኩት።»

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ። የዚህ አገር ሽማግሌ ልጁን በቀጥታ «ና» አይለውም፤ ወሬ ያወራለታል፣ ወሬው መሐል ክፍት ቦታ ይተውለታል፣ ልጁ እዚያ እንዲገባ ይጠብቃል። ጎረቤቴ ያን አርብ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ የጠበቀው ልጁ «ለምን አይከፍትም? ይክፈት እንጂ!» እንዲለው ይመስለኛል። እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ሄጄ አልጠይቀው ነገር። ግን ሃያ ዓመት አብሬው ተቀምጬ ዝምታውን ለይቼ አውቃለሁ። የሚያወራበት ሌላ ፍጻሜ ያሳጣሁት እኔ ነኝ። በእጁ የነበረው እኔ የሰጠሁት ብቻ ነው፤ ሐቀኛ ሰው ስለነበር ደግሞ ከመጽሐፉ ላይ አልጨመረም። እኔ ቀነስኩ፣ እሱ ግን አልጨመረም።

ተነስቼ ገባሁ። መጽሐፉን ይዤ ወጣሁ። መኪናው አልቆመም ከሚለው ወዲያ ያለውን ገጽ ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ። ልጁ መጀመሪያ ግራ ገብቶት አየኝ፤ ከዚያ አባቱ እንደሚያደርገው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ አዳመጠ። አባት ሱቁን ሲዘጋ አነበብኩ። ኮቱን በዓይነ ሕሊናው ለክቶ ሲቆርጥ፣ አውቶብሱ ላይ ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲያቅፍ፣ የማያውቀው ከተማ ውስጥ በር ሲያንኳኳ አነበብኩ። ድምፄን ላሳምር አልሞከርኩም። ኮቱ ልጁን ሲሰፋው ያ የከሳ ሰው በአፍንጫው ሳቅ አለ፤ ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ እስከ መጨረሻው ገጽ ቀጠልኩ፤ ከዚህ ወዲያ መዝለል አልችልም ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን።

ያ ምዕራፍ አሁንም ትንሽ ይረዝማል ብዬ አምናለሁ፤ የአውቶብሱ ጉዞ ሊያጥር ይችል ነበር። ግን አስተያየቴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያውኑ የተጠየቅኩት እንዳነብ ነበር።

ስጨርስ ልጁ እጁን ዘረጋና መጽሐፉን ተቀበለኝ። የጀመርኩበትን ገጽ ፈልጎ አገኘው፤ ከዚያ እስከ ጀርባው ሽፋን ያለውን ወረቀት በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆነጠጠ። ማን እንዳስተማረው አልጠየቅኩም።

«ይሄ ሁሉ ቀርቶ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«እሱ ይለካል እኮ። ምንድነው ብሎ አልጠየቀህም?»

«ጠይቆኛል። ማስታወቂያ ነው አልኩት።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህብኝ በወደድኩ። ወረቀቱን እንደቆነጠጠ ቀና ብሎ አየኝ።

«አመነህ?»

«አመነኝ» አልኩት።